ሚያዝያ 9 ቀን በመርከብ ላይ የሰጠሁት ፊርማ እንዲሻርልኝ

ቀን፦ የካቲት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.
ዲላ

ለባሕረኞችና በመርከብ ላይ ለሚሠሩ ዜጎች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
አዲስ አበባ

አመልካች፦ ፈለቀ ሙሉካ
አድራሻ፦ ጌዴኦ ዞን፣ ዲላ ከተማ

ጉዳዩ፦ በውቅያኖስ ላይ ሳለሁ በሐሰት የፈረምኩባቸው አሥራ ሁለት ገጾች ተሽረው፣ የሟች አቶ ዘርዓብሩክ ከፈለኝ አሟሟትና የሞቱበት ቦታ በእውነቱ እንዲመዘገብ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከዚህ በታች የማቀርበው አቤቱታ በሌላ ሰው ላይ ብቻ አይደለም፤ በራሴም ላይ ነው። በመሆኑም እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

1. እኔ አመልካች የተወለድኩት እዚሁ ጌዴኦ ዞን፣ ባንኮ ጎቲቲ ነው። በዓሣ ሀብት ትምህርት በዲግሪ ተመርቄ በአባያና በጫሞ ሐይቆች ላይ ለሰባት ዓመት በባለሙያነት አገልግያለሁ። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ባለሙያ ወደ ውጭ በሚልክ አንድ ድርጅት በኩል ተቀጥሬ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ቱና በምታጠምድ መርከብ ላይ የዓሣ ማስገር ታዛቢ ሆኜ ተሳፈርኩ። የመርከቧ ስምና ቁጥር በአባሪ 1 ተመልክቷል።

የታዛቢ ሥራ ማጥመድ አይደለም። መርከቧ በየቀኑ የት እንደዋለች፣ ምን ያህልና ምን ዓይነት ዓሣ እንዳወጣች፣ ምኑን እንደያዘችና ምኑን ወደ ባሕር እንደመለሰች በቅጽ ሞልቶ መፈረም ነው። ከየትኛውም አገር ወሰን ውጭ ባለው ባሕር ላይ ፖሊስ የለም፤ ዳኛም የለም። እዚያ ያለው ምስክር ያ ሰው የሚሞላው ወረቀት ነው። ይህንን ሥልጠና ላይ ነግረውኝ ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን በኋላ ነው።

2. በመርከቧ ላይ ሃያ ሦስት ሰዎች ነበርን። ከእኔ በስተቀር ሌላ ኢትዮጵያዊ ይኖራል ብዬ አልጠበቅሁም። በሁለተኛው ቀን ምግብ ቤት ቁጭ ብዬ ለራሴ በአማርኛ ሳጉረመርም፣ ከኋላዬ አንድ ሰው፣

«ይህ የወንዜ ልጅ አማርኛ ነው» አለኝ።

ዘወር ስል የማቀዝቀዣ ክፍሉ ሠራተኛ ነው። ከየት እንደሆነ ስጠይቀው «ዲላ» አለ። ዲላ የት ብዬ ብጠይቀው እናቱ ወይዘሮ ስመኝ በገበያው ውስጥ ክርና ጥለት እንደሚሸጡ ነገረኝ። እኔም እናቴ ለነጠላዋ ጥለት የምትገዛው ከዚያው ሱቅ እንደሆነ ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ሁለታችንም ሳቅን።

አቶ ዘርዓብሩክ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነበር። አባቱ ከጎጃም ለመምህርነት መጥተው ዲላ የቀሩ ናቸው፤ አርፈዋል። የመርከብ ሙያ ተምሮ በሦስት የጭነት መርከቦች ላይ ከሠራ በኋላ ነበር ወደ ዓሣ መርከቧ የገባው። እኔ አማርኛን የተማርኩት በትምህርት ቤት በመሆኑ መርከቧን አንዴ «እሱ» አንዴ «እሷ» እላለሁ። እርሱ ሁልጊዜ ያርመኝ ነበር። ለላኪው ድርጅት በአማርኛ የምጽፋቸውን ደብዳቤዎችም እያነበበ ያስተካክልልኝ ነበር። አሁን ይህን የሚያርምልኝ ሰው ስለሌለ፣ በዚህ ማመልከቻ ውስጥ የሰዋስው ስሕተት ቢያገኙ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

3. መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ዕለት፣ መርከቧ ያለችበትን ቦታ በሳተላይት የሚያሳውቀው መሣሪያ እንዲጠፋ ተደረገ። በዚያው ቀን በፈቃዷ ላይ ለሦስት ወር እንዳትገባ ወደተከለከለችበት ባሕር ገባን። ክልከላው የተደረገው ትልልቅ ዓይን ያለው የቱና ዝርያ ጫጩቶች በዚያ ወራት በብዛት ስለሚገኙበት ነው። እኔ በእጄ በያዝኩት የራሴ ቦታ ጠቋሚ (ጂፒኤስ) ቦታውን አወቅሁ።

በእነዚያ ቀናት የወጣው ዓሣ አብዛኛው ገና እንቁላል ጥሎ የማያውቅ ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሻርኮች ክንፋቸው ተቆርጦ በሕይወት እያሉ ወደ ውኃው ሲጣሉ ቆጥሬያለሁ። እየሰመጡ እንኳ ለመዋኘት ይሞክራሉ። ይህንን ሁሉ በቅጼ ላይ ጻፍኩ። ካፒቴኑ እየጻፍኩ እንደሆነ ያያል፤ ምንም አይለኝም። ዘርዓብሩክ ግን «ዝም ሲል ነው መፍራት» ብሎኝ ነበር።

4. ሚያዝያ 7 ቀን፣ የሰሞነ ሕማማት ማክሰኞ፣ ዘርዓብሩክ ሆዱን አመመው። ዓሣ በሞላበት መርከብ ላይ ሆኖ ጾሙን ሩዝና ሻይ ብቻ እየቀመሰ ይዞ ስለነበር «የጾም ነው፤ እሑድ ይለቀኛል» አለ። ረቡዕ ጠዋት ሕመሙ ወደ ቀኝ ጎኑ ወረደ፤ ትኩሳት ያዘው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ወንድሜ በፍቃዱ በትርፍ አንጀት ታሞ ዲላ ሆስፒታል ተኝቶ ስላስታመምኩት ሕመሙን አወቅሁት። በፍቃዱ በሦስተኛው ቀን በእግሩ ወደ ቤቱ ገብቷል።

ወደ ካፒቴኑ ሄጄ ወደብ እንድንገባ ለመንኩት። ወደብ በሦስት ቀን የሚደረስ ነው። መልሱ ይህ ነበር፦ ወደብ ሲገባ መጀመሪያ የሚመረመረው የታዛቢው ቅጽ ነው፤ ያንተ ቅጽ ደግሞ መርከቤን ያሳስራል፤ ስለዚህ እዚህ የዋልንባቸውን ቀናት ቅጽ በተፈቀደው ባሕር ላይ እንደዋልን አድርገህ እንደገና ሙላና ፈርም፤ ያኔ መርከቧን አዞራለሁ። በሬዲዮ ሐኪም እንዲጠይቅልኝም ለመንኩ፤ ያለንበት ይታወቃል ብሎ ከለከለ። ሰዓቱ ረቡዕ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር።

5. ክቡር ሆይ፣ እኔ እምቢ አልኩ።

እዚህ ላይ ራሴን ልከላከል አልፈልግም። ካፒቴኑ ሰው ነው፣ ሠራተኛው ሲሞት አያይም፣ እስከ ማታ ይሸነፋል ብዬ ገምቼ ነበር። ይህ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ፣ በሥልጠናው ጊዜ አንድም የሐሰት ቃል የማይጽፍ ታዛቢ እሆናለሁ ብዬ ለራሴ ምዬ ስለነበር፣ ያንን መሐላ ወደድኩት። ከሰው ሕመም አስበልጬ ወደድኩት።

በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ የሆነውን ነገርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። ከዚያም እንዲህ አለ፦

«ፈርምለት፣ ፈለቀ። ዓሣው ይራባል፤ ይተካል።»

እኔም «ነገ ይሻልሃል» አልኩት።

ሐሙስ ጠዋት ሆዱ እንደ ሳንቃ ደርቆ ነበር። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ካፒቴኑ ክፍል ገብቼ የአሥራ አንዱንም ቀን ገጽ እርሱ እንደነገረኝ ሞልቼ ፈረምኩ። አሥራ ሁለተኛ ባዶ ገጽ ጨመረልኝ፤ «እስከ ወደብ ላለው መንገድ ነው» አለ። በእርሱም ላይ ፈረምኩ። መርከቧ ዞረች።

6. አቶ ዘርዓብሩክ ከፈለኝ ያረፈው ቅዳሜ ሚያዝያ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ወደብ ለመግባት የአሥራ ዘጠኝ ሰዓት መንገድ ቀርቶን ነበር። እኔ የዘገየሁት ሃያ አራት ሰዓት ነው። ረቡዕ ብፈርም ኖሮ ቅዳሜ ቀትር ላይ ወደብ እንደርስ ነበር፤ ከሞተበት ሰዓት አምስት ሰዓት ቀደም ብሎ ማለት ነው። በአምስት ሰዓት ውስጥ ይድን ነበር ወይ ብዬ ሐኪም ጠይቄያለሁ። ሐኪሙ «ይህን ማንም ሊነግርህ አይችልም» ብሎኛል።

ከሞተ በኋላ ካፒቴኑ ወደብ መግባት አያስፈልግም ብሎ መርከቧን መለሳት። አስከሬኑ በማቀዝቀዣው ክፍል ተቀምጦ ለአገሩ አፈር እንዲበቃ ጠየቅሁ። ያ ክፍል እርሱ ራሱ በየቀኑ ሲጠግነው የነበረ ነው። ዓሣውን የሚረከቡ ሰዎች አይቀበሉትም ተብሎ ተከለከለ። በማግሥቱ፣ በፋሲካ ዕለት ጠዋት፣ በሸራ ተጠቅልሎ ወደ ባሕር ወረደ። እኔ የመካነ ኢየሱስ ምዕመን ነኝ፤ የእርሱን ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት አላውቅም። የማውቀውን ጸሎት በአማርኛ ጸለይኩ። በአካባቢው አማርኛ የሚሰማ ሌላ ሰው አልነበረም። «አሜን» ያልኩትም እኔው ነኝ።

7. ባዶው አሥራ ሁለተኛ ገጽ የሞት ሪፖርት ሆነ። በእርሱ ላይ፣ ሟች አስቀድሞ ምንም ሕመም እንዳልነበረበት፣ በሥራ ላይ ሳለ በድንገት ወድቆ እንደሞተ፣ ቦታውም የተፈቀደው ባሕር እንደሆነ ተጽፏል። ከሥሩ ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

በሰኔ ወር ወደ አገሬ ስመለስ ያ ወረቀት ተተርጉሞ ከእኔ ቀድሞ ዲላ ደርሶ ነበር። ወይዘሮ ስመኝ ልጃቸው ሳይሠቃይ እንዳለፈ አምነው፣ ለጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን አልተጨነቀ» ይሉ እንደነበር ሰማሁ። ለላኪው ድርጅት ሁለት ጊዜ እውነቱን ጻፍኩ። ፋይሉ እንደተዘጋና የራሴ ፊርማ ያለበት መሆኑን ገልጾ አንድ ጊዜ መለሰልኝ።

ምክር ጠየቅሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ እናትየዋን በተጽናኑበት እንድተዋቸው መከሩኝ። ወንድሜ በፍቃዱ «ሴትዮዋን ለምን ሁለቴ ትገድላታለህ?» አለኝ። እናቴ አለቀሰች፤ ከዚያ ወዲህ ጥለት ለመግዛት ወደ ሌላ ሱቅ ትሄዳለች።

እኔም ዝም አልኩ። ዲላ ቤት ተከራይቼ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ማስተማር ጀመርኩ። ተማሪዎቼ ውቅያኖስ ምን እንደሚመስል ይጠይቁኛል፤ ሰፊ ነው ብዬ አልፋለሁ። በዚህ ከተማ ያንን ባሕር ያየ ሰው አላውቅም። ስለ መርከቡ ጩኸት፣ ስለ ማቀዝቀዣው ሽታ፣ ለሳምንታት መሬት ስላለማየት ብናገር የሚገባው ከእርሱ ሌላ ማን አለ? በሱቁ በኩል ላለማለፍ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቴ ዙሪያውን እሄዳለሁ። አራት ወር ገደማ እንዲህ ሆንኩ።

8. ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወደ ሱቃቸው ገባሁ። ወይዘሮ ስመኝ ለደንበኛ ክር እየለኩ ነበር። ማንነቴን ስነግራቸው ተነሥተው ሳሙኝ፤ «የልጄ ጓደኛ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» አሉኝ። ደንበኛዋ እስክትወጣ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሃያ አራቱን ሰዓት ጭምር።

ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ከዚያ ጠየቁኝ።

«ስንት ቀን ታመመ?»

«አምስት ቀን» አልኳቸው።

«ውኃ ማን አጠጣው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔን ጠራ?»

መዋሸት እችል ነበር። ደግሜ ላለመዋሸት ነበር የመጣሁት፤ ስለዚህ «የጠራው ትጊን ነው» አልኳቸው። ትጊ ታናሽ እኅቱ ናት። ወይዘሮ ስመኝ ያልተጠቀለለውን ክር በጣታቸው ላይ ጠቅልለው ጨረሱና «አሁን ሂድልኝ» አሉ። ስወጣ የሱቁ በር ከኋላዬ ሲዘጋ ሰማሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ትጊ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። ቆማ ነው የነገረችኝ፤ ወንበር ባቀርብላት አልተቀመጠችም።

«እማዬ እንዲህ ብላለች» አለች። «ልጄ ባልሞተበት ቦታ እንዲጻፍ አልፈልግም። የሚያውቀውን ሁሉ ለሚመለከተው ይጻፍ፤ ልጄ ያለውንም፣ እሱ ያደረገውንም። እኔም እፈርምበታለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ደጄን እንዳይረግጥ።»

የወይዘሮ ስመኝ የተፈረመ ቃል በአባሪ 4 ተያይዟል።

9. ሞቱን ለማስመዝገብ ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ። የምዝገባ ሠራተኛዋ በትሕትና ነው ያስተናገደችኝ። ቅጹ ላይ የሞት ቦታ፦ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ ይላል፤ ውጭ አገር ከሆነ የአገሩ ስም ይጻፋል። «የትኛው አገር ልበል?» አለችኝ። አገር የለውም አልኳት። «እንዴት ነው አገር የሌለው ቦታ የሚኖረው?» ብላ ብዕሯን አስቀመጠች። ከማንም አገር ወሰን ውጭ ያለ ባሕር ከምድራችን ገጽ እኩሌታ ገደማ እንደሚሆን አስረዳኋት። እውነቷን ነው፤ እኔም ዲላ ሆኜ ስናገረው ተረት ይመስለኛል።

10. ባለፈው ጥር 9 ቀን፣ ከአገሮች ወሰን ውጭ ያለውን ባሕርና በውስጡ የሚኖረውን ሕይወት ለመጠበቅ የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት በሥራ ላይ መዋሉን ከሬዲዮ ሰምቻለሁ። ስምምነቱ ዓሣ ማስገርን በቀጥታ የሚያስተዳድር አለመሆኑን፣ ቱናን የሚያስተዳድሩት ሌሎች መንግሥታት በጋራ ያቋቋሟቸው ድርጅቶች መሆናቸውን በሙያዬ አውቃለሁ። አገራችን በስምምነቱ ላይ ያላትን አቋም ግን በትክክል አላውቅም። የባሕር በር የሌላት አገር ዜጋ ስለ ውቅያኖስ ምን አገባው የሚል ቢኖር፣ በዚያ ባሕር ላይ ዜጋችን ቀብር አለው ብዬ እመልሳለሁ። መርከቧ በተከለከለ ቦታ ባትገባ ኖሮ የምትደብቀው ነገር አይኖርም ነበር፤ የምትደብቀው ባይኖር ኖሮ ሐኪም በሬዲዮ ይጠራ ነበር። ጫጩት ዓሣውን ያለ ጠባቂ የተወው አሠራር ሰውየውንም ያለ ጠባቂ ትቶታል።

11. ማስረጃን በተመለከተ። ቅጾቹን ሁሉ ካፒቴኑ ወስዷል። ነገር ግን ታዛቢ የዓሣውን ዕድሜ ለማወቅ ከጆሮው ውስጥ ትንሽ አጥንት አውጥቶ በፖስታ ያስቀምጣል፤ በእያንዳንዷ ፖስታ ላይ ቀኑንና ቦታውን በእርሳስ ይጽፋል። በተከለከለው ባሕር ላይ ያወጣኋቸው አርባ ሦስት ፖስታዎች በሻንጣዬ ውስጥ ወደ አገር ገብተዋል። ማንም ዋጋ ያላቸው አልመሰለውም። አጥንቶቹ ቢመረመሩ የዓሦቹን ዕድሜ፣ ጽሑፎቹ ደግሞ የዋልንበትን ቦታ ያሳያሉ። ከቦታ ጠቋሚዬ የተገኘው መዝገብም ከዚህ ጋር ይስማማል።

12. ስለዚህ ክቡርነትዎ፦

ሀ) በአሥራ ሁለቱ ገጾች ላይ ያለው ፊርማዬ ሐሰት መሆኑን በዚህ ማመልከቻ ያመንኩ ስለሆነ፣ ፊርማው እንዲሻርልኝና ይኸው ቱናውን ለሚያስተዳድረው ድርጅትና መርከቧ ለተመዘገበችበት አገር እንዲገለጽ፤

ለ) አቶ ዘርዓብሩክ ከፈለኝ ለአምስት ቀን ታሞ፣ ሕክምና ተከልክሎ፣ በአባሪ 2 በተመለከተው ኬክሮስና ኬንትሮስ ላይ መሞቱ እንዲመዘገብ፤ የአገር ስም የግድ የሚያስፈልግ ከሆነም ቦታው ባዶ ከሚቀር ቁጥሩ እንዲጻፍበት፤

ሐ) እኔ ሐሰት በመፈረሜም ሆነ ሃያ አራት ሰዓት በመዘግየቴ ተጠያቂነት ካለብኝ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ እንድመረመር፤ በተጠራሁበት ቀን እቀርባለሁ፤

መ) ከእንግዲህ ዜጎቻችን በታዛቢነት ሲላኩ የሚሞሉት ቅጽ በካፒቴኑ እጅ ሳያልፍ በየቀኑ በቀጥታ ወደ የብስ እንዲላክ፣ ቦታ አሳዋቂ መሣሪያዋን ያጠፋች መርከብም ወደብ እንድትገባ የሚያስገድድ ውል ሳይኖር ማንም እንዳይላክ፣ ጽሕፈት ቤቱ ድምፁን እንዲያሰማልኝ፤

ሠ) አርባ ሦስቱን ፖስታዎች የሚረከበኝ ሰው እንዲመደብልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ። በፖስታ ቤት ለመላክ እፈራለሁ፤ ሌላ የቀረኝ ነገር የለምና ራሴ ይዤ ልመጣ እፈልጋለሁ።

በመጨረሻ አንድ ትንሽ ነገር ልለምን። ለዚህ አቤቱታ የሚሰጠው መልስ ምንም ይሁን ምን፣ ለወይዘሮ ስመኝ በራሳቸው አድራሻ ለብቻው እንዲላክላቸው፣ የሚቻል ከሆነም ለእኔ ከመላኩ በፊት እንዲደርሳቸው እጠይቃለሁ። ከእርሳቸው ጋር አንነጋገርም፤ እኔ ሄጄ ልነግራቸው አልችልም። ደብዳቤው ሲደርሳቸው የሚያነብላቸው ትጊ ናት። ቀኑን ሥራ ቦታ ስለምትውል እሑድ ወይም ከሥራ ሰዓት በኋላ ቢደርስ እመርጣለሁ፤ ብቻቸውን ሆነው እንዳይከፍቱት።

ጊዜዎን ሰጥተው ስላነበቡልኝ እያመሰገንኩ፣ ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ፈለቀ ሙሉካ
የቀድሞ የዓሣ ማስገር ታዛቢ

አባሪዎች፦
1. የመርከቧ ስም፣ ቁጥርና የተመዘገበችበት አገር
2. ሚያዝያ 11 ቀን ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የነበርንበት ቦታ
3. የአርባ ሦስቱ ፖስታዎች ዝርዝር
4. የወይዘሮ ስመኝ የተፈረመ ቃል፣ አንድ ገጽ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ስመኝ፣ ዲላ ገበያ (በትጊ ከፈለኝ በኩል)